የ30 ሰዓቱ የቁማር ምክክር ሥልጠና፦ የት ይበረታል፣ የት ያነክሳል

ይህ ሥልጠና ስለ ቁማር በደንብ ያስተምራል። ቁማር ኑሮውን ካናጋበት ሰው ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገርን ግን ነካ አድርጎት ያልፋል። ልዩነቱ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ሠልጣኙ ምስክር ወረቀቱን ይዞ የመጀመሪያውን ተገልጋይ ሲቀበል ግን ጎልቶ ይወጣል።

የምንገመግመው የአንድን ተቋም ሥልጠና አይደለም። በብዙ አሠልጣኞች ዘንድ የተለመደውን የ30 ሰዓት መሠረታዊ ሥልጠና ነው፤ በቀን 6 ሰዓት ለ5 ቀን፣ ወይም ተከፋፍሎ በኢንተርኔት ይሰጣል። ሳይኮሎጂስቶች፣ የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች፣ የአእምሮ ጤና ነርሶችና የሱስ አማካሪዎች ይወስዱታል። 30 የሚለው ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ዓለም አቀፉ የቁማር አማካሪዎች ማረጋገጫ ቦርድ ለመጀመሪያው ደረጃ 30፣ ለሁለተኛው ደረጃ 60 ሰዓት በቁማር ላይ ያተኮረ ትምህርት ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ደግሞ በልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል ሥር የተሠራ የምክክር ሰዓት ይፈልጋል። ማስታወቂያዎቹ ይህን የመጨረሻውን በደቃቅ ፊደል ነው የሚጽፉት። 30ው ሰዓት ብቻውን ማንንም የቁማር አማካሪ አያደርግም፤ ቦርዱም ያደርጋል አላለም።

የምርመራው ክፍል ከሁሉም የተሻለው ነው። የቁማር ችግር በአሜሪካ ሳይካትሪስቶች ማኅበር የምርመራ መመሪያ ውስጥ መጀመሪያ የገባው በ1980 ሲሆን፣ ያኔ የተመደበው ስሜትን መግታት ከማቃት ችግሮች ጋር ነበር። በ2013 የወጣው አምስተኛው እትም ግን ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ጎን፣ በሱስ ምዕራፍ ውስጥ አስቀመጠው። መለኪያዎቹ 9 ናቸው፤ በ12 ወር ውስጥ 4 ወይም ከዚያ በላይ የታየበት ሰው የቁማር መታወክ አለበት ይባላል። ከ4 እስከ 5 ቀላል፣ ከ6 እስከ 7 መካከለኛ፣ 8 እና 9 ከባድ ነው። የቀድሞው እትም 10 መለኪያ ነበረው፤ የሚጠይቀውም 5 ነበር። አሥረኛው፣ ለቁማር ሲባል ወንጀል መፈጸም፣ ወጥቷል። ከመመዝገብዎ በፊት የአሠልጣኙን ስላይድ ለማየት ይጠይቁ፤ «ከ10 አምስት» የሚል ካገኙ ትምህርቱ የ1994 ትምህርት ነው። ሌላው የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ባህሪው በማኒያ (ስሜትና ጉልበት ከልክ በላይ በሚግልበት የአእምሮ ሕመም) ወቅት ብቻ የሚታይ ከሆነ ምርመራው አይሰጥም። ሦስት ሌሊት ሳይተኛ ያለውን ሁሉ ያስያዘ ሰው መጀመሪያ ወደ ሳይካትሪስት ነው የሚላከው። የዓለም ጤና ድርጅት አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባም በአካል የሚደረገውንና በኢንተርኔት የሚደረገውን ቁማር ለይቶ ይመዘግባል። ይህን ከሥራ ላይ የሚያውሉት ሥልጠናዎች ጥቂት ናቸው። ሆኖም ገንዘቡ የሚጠበቅበት መንገድ በሁለቱ ስለሚለያይ ከመጀመሪያው ቀን መጠየቅ አለበት።

ከምርመራ በፊት የሚመጣው ማጣሪያ ነው። ሥልጠናው በስፋት የሚያስተምረው ፒጂኤስአይ የተባለውን ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ ነው። እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ አለው፤ ድምሩ ከ27 ይታያል። 0 ችግር የለም፣ ከ1 እስከ 2 ዝቅተኛ ስጋት፣ ከ3 እስከ 7 መካከለኛ ስጋት፣ 8 እና ከዚያ በላይ የቁማር ችግር ነው። ቀላል ነው፤ ችግሩም ከቀላልነቱ ይጀምራል። መጠይቁ የሚያየው ያለፈውን 12 ወር ነው። ሠልጣኞች ግን በየሁለት ሳምንቱ እየሞሉ «ለውጥ የለም» ይላሉ። እንዴት ይኑር? ከአሥር ወር በፊት የተደረገውም እዚያው ውስጥ ነው። የሳምንት ለውጥ ለመለካት ያለፈውን ሳምንት ብቻ የሚጠይቀው ባለ 12 ጥያቄው ጂ-ሳስ አለ፤ ወይም የቀን መቁጠሪያ ዘርግቶ በየትኛው ቀን ምን ያህል እንደተጫወተ አብሮ መሙላት ነው። ሁለተኛው ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ደመወዝ በገባ ማግስት፣ ወይም ከጠብ በኋላ የሚመጣውን ንድፍ የሚያሳየው እሱ ነው።

በአጠቃላይ ክሊኒክ ለሚሠሩ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ብቻ ያለው ማጣሪያ ይበቃል። አንደኛው የሚያስይዙትን ገንዘብ የመጨመር ፍላጎት ተሰምቶዎት ያውቃል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ስለሚጫወቱት መጠን ለቅርብ ሰው መዋሸት ነበረብዎ ወይ ይላል። አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ረዘም ያለው ይከተላል። እዚህ ላይ ሥልጠናው የማይነግርዎት አንድ ነገር አለ። «ቁማር ይጫወታሉ?» ብለው በአማርኛ ከጠየቁ ብዙ ሰው «ኧረ በጭራሽ» ነው የሚልዎት። ቁማር የሚለው ቃል ለእሱ ካርታና ዳይስ ነው፤ የስፖርት ውርርድ፣ ሎተሪ፣ ስልክ ላይ የሚሽከረከረው ጨዋታ በቃሉ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ጥያቄው በስም እየዘረዘረ ይቅረብ፦ ውርርድ፣ ቤቲንግ፣ ሎተሪ፣ ካርታ፣ የማሽን ጨዋታ። «ቁማርተኛ» የሚለውን ቃልም ከመዝገቡ ማውጣት ነው። ቃሉ በአማርኛ ስድብ ነው፤ በስድብ የተጀመረ ምክክር ሁለተኛ ቀጠሮ የለውም።

የጨዋታዎቹ አሠራር የሚቀርብበት ክፍል ማራኪ ነው፤ አሠልጣኞቹም የሚወዱት ይመስላል። ከሚሰጡት ሁሉ ጠቃሚው ስሌት ይህ ነው። «95 በመቶ ይመልሳል» የተባለ ማሽን ላይ 100 ይዞ የሚቀመጥ ሰው ቢበዛ 5 የሚከስር ይመስለዋል። 5 በመቶው ግን የሚቆረጠው ከያዘው ገንዘብ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ነው። በየ6 ሴኮንዱ 1 ቢያስይዝ በሰዓት 600 ጊዜ ተጫወተ፣ 600 አዟዟረ ማለት ነው። የ600 አምስት በመቶ 30 ነው። በአማካይ ሲታይ 100ው በሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ያልቃል፤ በመካከል የሚመጡት ትናንሽ ድሎች ደግሞ እያሸነፈ ያለ ያስመስሉታል። ሽልማቱ መቼ እንደሚመጣ አለመታወቁ ራሱ አንድ መያዣ ነው። በቋሚ ጊዜ ከሚሰጥ ሽልማት ይልቅ መምጫው የማይታወቅ ሽልማት ባህሪን አጥብቆ እንደሚተክል የእንስሳት ሙከራዎች ካሳዩ ቆይተዋል።

ሩሌቱም እንዲሁ ነው። 37 ቦታ አለው፤ 18 ቀይ፣ 18 ጥቁር፣ 1 ዜሮ። በነሐሴ 18 ቀን 1913 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሞንቴ ካርሎ ኳሷ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ ወደቀች። «አሁንስ ቀይ ይመጣል» ያሉት ተጫዋቾች ውርርዳቸውን እጥፍ እያደረጉ ሚሊዮኖች ከሰሩ። ኳሷ ያለፈውን አታስታውስም፤ በ27ኛውም የቀይ ዕድል ከ37 አሥራ ስምንት ነው። «የተበላሁትን ላስመልስ» ብሎ እጥፍ እየጨመረ የሚሄደውን ሰው ሒሳብም እዚሁ ላይ ማሳየት ይቻላል። ከ1 ጀምሮ ሰባት ጊዜ ከተበላ 127 ወጥቷል፤ ስምንተኛው ውርርድ 128 ነው፤ ቢያሸንፍ የሚተርፈው 1 ብቻ። «አንድ ጨዋታ ነው የቀረችኝ» የምትለዋ ደግሞ የራሷ ርዕስ ናት። ለጥቂት ማለፍ ኪሳራ ሆኖ ሳለ አእምሮ እንደ መቃረብ ይቆጥረዋል፤ በአሥር ጨዋታ ትኬት ዘጠኙን ያገኘም አንዱን ብቻ ያገኘም ክፍያቸው እኩል ዜሮ ነው።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ሠልጣኙን የሚያበላሸውም ይኸው ነው። ከክፍሉ የሚወጣው የፕሮባቢሊቲ መምህር ሆኖ ነው። ተገልጋዩ ግን ዕድሉን በቁጥር ከእርሱ በላይ ሊያውቅ ይችላል፤ የሚያውቀውን እያወቀ ነው የሚያስይዘው። ሥራው ሰውየው ከማስያዙ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ለራሱ የሚላትን ቃል ማግኘት ነው፦ «ዛሬ ይሰማኛል»፣ «ይህን ሊግ አውቀዋለሁ»፣ «ይህችን ብቻ»። ቃሏ ተጽፋ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ እንደተባለችና ስንት ጊዜ እንደሠራች ራሱ እንዲቆጥር ይደረጋል። ስሌቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ እሱ ሲጠይቅ ነው። ሥልጠናው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

አሁን ወደ ትልቁ ቅሬታ። በመመሪያዎቹም በጥናቱም ጎልተው የሚጠቀሱት ሁለት ዘዴዎች፣ የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምናና አነሳሽ ቃለ ምልልስ (ሰውየው የመለወጥ ምክንያቱን ራሱ እንዲናገር የሚረዳ አነጋገር)፣ አንድ ቀን ተኩል ይሰጣቸዋል። ከዚያ ውስጥ ሠልጣኙ አፉን ከፍቶ የሚለማመድበት ጊዜ ግን ከስላይዱ የተረፈው ነው። ሦስት ሦስት ሆነው፣ አሥር አሥር ደቂቃ፣ አንዱ አማካሪ አንዱ ተገልጋይ አንዱ ታዛቢ፤ ታዛቢው «በጣም ጥሩ ነበር» ይላል፣ ያበቃል። አነሳሽ ቃለ ምልልስ በዚህ መንገድ እንደማይያዝ ከታወቀ ቆይቷል። በ2004 የታተመ፣ 140 የሱስ ባለሙያዎች የተሳተፉበት በዕጣ የተመደበ ሙከራ እንዳሳየው፣ ከአውደ ጥናቱ ብቻ የተገኘው ችሎታ በወራት ውስጥ ይሸረሸራል፤ የቆየው በቅጂ (በተቀረጸ ንግግራቸው) ላይ የተመሠረተ ግብረ መልስ ወይም አሠልጣኝ ክትትል ያገኙት ሰዎች ችሎታ ነው። ይህን ውጤት ስላይዳቸው ላይ የሚጠቅሱ ሥልጠናዎች ራሳቸው ከአምስተኛው ቀን በኋላ ስልክ አይደውሉም፤ ይህ ትንሽ ያስቃል።

ሊደረግ የሚገባው ከባድ አይደለም። የ20 ደቂቃ ንግግር ይቀረጻል፤ ጥያቄዎችና ነጸብራቆች ይቆጠራሉ። ነጸብራቅ ማለት ሰውየው ያለውን በራስ ቃል መልሶ ማሰማት ነው። ሚቲ በተባለው መለኪያ ጥሩ የሚባለው ለአንድ ጥያቄ ሁለት ነጸብራቅ ነው፤ ከነጸብራቆቹም ግማሾቹ ከተባለው አልፈው ያልተባለውን ስሜት የሚነኩ መሆን አለባቸው። ጀማሪ ሲቆጠር ነገሩ የተገላቢጦሽ ይወጣል፤ ጥያቄ ከጥያቄ፣ በመካከል ምክር።

ለምሳሌ ተገልጋዩ «አሁን ካቆምኩ እኮ የተበላሁት ሁሉ ቀረ ማለት ነው» አለ እንበል። ጀማሪው «ልጆችዎንስ አላሰቡም?» ይላል። ጥያቄ ይመስላል፣ ወቀሳ ነው፤ ሰውየው መከላከል ይጀምራል። «ማቆም ማለት ኪሳራውን አምኖ መቀበል ሆኖብዎታል» ያለው ግን ጥያቄ አልጠየቀም፤ ሰውየው ዝም ብሎ ቆይቶ ቀጣዩን ራሱ ያመጣዋል። በአማርኛ አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ነጸብራቁ መጨረሻ ላይ «አይደል?» ከተጨመረበት ወይም ድምፁ ወደ ላይ ከወጣ ጥያቄ ይሆናል። በቅጂ ካልተሰማ ደግሞ አማካሪው ራሱ አያስተውለውም።

ራስን የማጥፋት ስጋት በሥልጠናው ውስጥ አለ፤ በቂ ነው ለማለት ግን ይከብዳል። የቁማር ችግር ያለባቸው ሰዎች ላይ ስጋቱ ከፍ ያለ ነው። አማካሪው በተለይ ሦስት ወቅቶችን መጠበቅ አለበት፦ ከትልቅ ኪሳራ በኋላ ያሉት ሰዓታት፣ ዕዳው ለትዳር ጓደኛ የታወቀበት ቀን፣ እና የፍርድ ቤት ወይም የሥራ ስንብት ደብዳቤ የመጣበት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። አጠያየቁ ግን ወሳኝ ነው። «እንዲህ ያለ ሐሳብ የለብዎትም አይደል?» የሚለው «የለም»ን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው። «በዚህ ሰሞን ራስዎን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብዎት ያውቃል?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቅ። መልሱ አዎ ከሆነ የደኅንነት ዕቅድ እዚያው ይጻፋል፦ ማስጠንቀቂያ ምልክቶቹ፣ ብቻውን ሊያደርግ የሚችላቸው ነገሮች፣ ሐሳቡን የሚያስቀይሩለት ሰዎችና ቦታዎች፣ እርዳታ የሚጠይቃቸው የቅርብ ሰዎች፣ የሚደውልላቸው ባለሙያዎች፣ አደገኛ ዕቃዎችን ከአካባቢው ማራቅ። ይህን ስድስት ነጥብ በንግግር የሚያልፍ ሥልጠና አላሠለጠነም፤ ሠልጣኙ ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጁ መሙላት አለበት።

ከሁሉ ደካማው ግን የገንዘቡ ክፍል ነው። ከሕግና ከሥነ ምግባር ጋር ተጣብቆ፣ አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሁሉም ሲደክመው ይቀርባል። ቁማርን ከሌሎች ሱሶች የሚለየው ገንዘቡ ራሱ ዕፁ መሆኑ ነው፤ ሰው ከአልኮል ርቆ መኖር ይችላል፣ ከገንዘብ ርቆ ግን አይችልም። ስለዚህ ዝርዝሩ መሠራት አለበት። መጀመሪያ ዕዳው በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራል፤ አበዳሪው፣ መጠኑ፣ ወለዱ፣ የመክፈያ ቀኑ፣ ባይከፈል የሚመጣው ነገር። ይህ ዝርዝር የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ሆኖ አይገኝም። ሰው የሚያፍርበትን ዕዳ፣ ብዙ ጊዜ ከዘመድ ወይም ከሥራ ቦታ የወሰደውን፣ ለኋላ ያቆየዋል። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቀጠሮ ላይ ወረቀቱን እንደገና ማውጣት ነው። ካልወጣ የተደበቀችው ዕዳ ቀኗ ሲደርስ «አንዴ ብጫወት እከፍላታለሁ» የሚለውን ሐሳብ ይዛ ትመጣለች።

ቀጥሎ በገንዘቡና በውርርዱ መካከል እንቅፋት ማብዛት ነው። ራስን ከአቋማሪ ድርጅት ማሳገድ የሚዘጋው ያንን ድርጅት ነው። በስልክ ላይ የሚጫን ማገጃ የሚዘጋው ያንን ስልክ ነው፤ በባንክ በኩል የሚደረግ ክልከላ የሚዘጋው ያንን ሒሳብ ነው። አንዱ ብቻ ሲደረግ ገንዘቡ በሌላው ያልፋል፤ ስለዚህ ሦስቱም ባሉበት ሁሉ በአንድ ቀን ይደረጉ። ደግሞ «ቤት ሄደው ይሙሉት» አይባልም። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ፣ ተገልጋዩ እየነካ፣ አማካሪው እያየ ነው የሚሞላው። የማስታወቂያ መልእክቶችንም እዚያው ማጥፋት ይገባል።

የቤተሰብ ነገር እዚህ ላይ ይገባል። ሠልጣኞች በቅንነት የሚሠሩት ስሕተት «ደመወዙን ባለቤታቸው ይያዙት» ብሎ መደምደም ነው። ስምምነት ከሌለበት ነገሩ ቁጥጥርና ድብብቆሽ ይሆናል፤ በቤት ውስጥ ጥቃት ካለ ደግሞ አደጋ ነው። መጀመሪያ ሁለቱም ለየብቻ ይጠየቁ። ከተስማሙ በጽሑፍ ይሁን፤ በሳምንት በእጅ የሚቀረው መጠን፣ ደረሰኝ የሚያስፈልገው ወጪ፣ ስምምነቱ የሚታደስበት ቀን። ዕዳውን ዘመድ አዋጥቶ በአንድ ጊዜ እንዲዘጋም አይመከርም። ከገንዘብ ችግር እንዲያወጡት በሌሎች መመካት ከዘጠኙ መለኪያዎች አንዱ ነው፤ የተዘጋ ዕዳ አዲስ የመበደር አቅም ይከፍታል። ተጫዋቹ ሊመጣ ባይፈልግ እንኳ የትዳር ጓደኛው ወይም እናቱ በራሳቸው መብት ተገልጋይ ናቸው። ይህን ሥልጠናው በአንድ ስላይድ ያልፈዋል።

ስለ መድኃኒት የሚሰጠው አጭር ነው፤ አጭር መሆኑም ልክ ነው። ከአማካሪው የሚጠበቀው ማዘዝ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ማንሳት ነው፦ «ከዚህ በፊት የማይጫወቱ ከሆነ፣ መጫወት ከመጀመርዎ በፊት አዲስ መድኃኒት ጀምረው ነበር?» ለፓርኪንሰንና ለእግር ዕረፍት ማጣት የሚሰጡት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል፣ እንዲሁም ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው አሪፒፕራዞል፣ በአንዳንድ ሰው ላይ የመቆመር ግፊት ያመጣሉ። በራስ ማቋረጥ ግን የለም፤ ወደ አዘዘው ሐኪም ይላካል። ለአልኮል ሱስ የሚሰጠው ናልትሬክሶን በጥናቶች ተስፋ አሳይቷል፤ የኦፒዮይድ መድኃኒት ለሚወስዱ ግን አይሆንም፣ የጉበት ምርመራም ይፈልጋል።

አንድ ጥያቄ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፦ ሥልጠናውን ማን ነው የሚደጉመው? ገንዘቡ ከአቋማሪ ድርጅቶች የሚመጣ ከሆነ ትምህርቱ ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ግን ክብደቱ ወዴት እንዳዘነበለ ይመልከቱ። ስለ «ኃላፊነት የተሞላበት ጨዋታ» ሁለት ሰዓት፣ ስለ ጨዋታው ፍጥነትና ስለ ማስታወቂያው አምስት ደቂቃ ከሆነ፣ ጥፋቱ በሙሉ በተጫዋቹ ላይ ተጭኗል፤ ሠልጣኙም ያንን ጭነት ወደ ምክክር ክፍሉ ይዞት ይገባል።

ለማን ይሆናል? በሱስ ወይም በአእምሮ ጤና ምክክር ልምድ ላለው ባለሙያ ይመከራል፤ የጎደለው የቁማር እውቀት ነው፣ ያንን ያገኛል። የምክክር መሠረት ለሌለው ግን ገና ነው፤ መጀመሪያ ማዳመጥን ይማር። በኢንተርኔት በራስ ፍጥነት የሚሰጠው ዓይነት ለምርመራውና ለጨዋታዎቹ አሠራር እኩል ይጠቅማል፤ ለክህሎቱ ግን ከንቱ ነው፣ ምርጫ ፈተናው የሚለካው ማስታወስን ብቻ ነውና። አሠልጣኙ ከሥልጠናው በኋላ ቅጂ ሰምቶ ግብረ መልስ እንደማይሰጥ ከነገረዎት፣ አብረውዎት ከሠለጠኑት ጋር አራት ሆነው ይደራጁ። በወር አንድ ጊዜ እያንዳንዱ የ20 ደቂቃ ቅጂ ያምጣ፤ ከተገልጋዩ በጽሑፍ ፈቃድ የተገኘበት፣ ስም የማይሰማበት፣ ከተሰማ በኋላ የሚጠፋ። አንዱ ጥያቄ ይቁጠር፣ አንዱ ነጸብራቅ፣ አንዱ አማካሪው ስንት ደቂቃ እንዳወራ ሰዓት ይያዝ።